ችግኙን በጥር ማን ይጠብቀዋል?



ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ የጀመዓችን ሹራ የዘንድሮውን የክረምት መርሐ ግብር ለመወሰን ሐሳብ ስጡ ብሎናል። ሲዘዋወር ያየሁት ረቂቅ ከአምናውም ከካቻምናውም አይለይም። አንድ አውቶቡስ፣ አንድ ባነር፣ ቲሸርት፣ ጥቂት ሺህ ችግኝ፣ አንድ ቅዳሜ። መድረሻው አንድ የደቡብ ወሎ ገጠር ቀበሌ ነው። ችግኝ መትከልን የሚጠላ ሰው የለም፤ እኔም አልጠላም። ነገር ግን የቃሉ ገበሬ ልጅ እንደመሆኔ፣ ገጠሩን ከድርቅ ለማገዝ ያለንን ትንሽ ገንዘብና ጉልበት በሙሉ በአንዲት የሐምሌ ቅዳሜ ላይ ማፍሰሳችንን እቃወማለሁ። ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ፤ በሹራው ስብሰባ ላይ በሦስት ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ነው።

ከአፈሩ እንነሳ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ የተተከለ ችግኝ ዝናብ የሚያገኘው ቢበዛ ለሁለት ወር ነው። መስከረም ሲያልቅ ሰማዩ ይጠራል። በልግ ከጣለ በየካቲት ወይም በመጋቢት፣ ካልጣለ እስከ ሰኔ መጨረሻ ድረስ ያ ሥሩ ያልጠለቀ እንጨት ጠብታ አያገኝም። መከራው የፀሐይ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰብል ተሰብስቦ ሲያልቅ በሬውም ላሟም ፍየሏም በየማሳውና በየተራራው ይለቀቃሉ። ልቅ ግጦሽ የሚባለው ይህ ነው። ፍየል ደግሞ በደረቅ ወር ለምለም ቅጠል አይታ አታልፍም። ስለዚህ የችግኙ ዕጣ የሚወሰነው እኛ ተመልሰን ፈተና በምንፈተንበት ጥር ላይ ነው፤ የመንደሩ ሰው ከብቱን ከዚያ ተራራ ለማራቅ ተስማምቷል ወይስ አልተስማማም? ስምምነት ደግሞ በአውቶቡስ ተጭኖ አይሄድም።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ሲያስታውቅ ብዙዎቻችን ገና ትምህርት ቤት ነበርን፤ ተሰልፈን የተከልንም አለን። ያን ቁጥር ዛሬም ድረስ ሁሉም ያስታውሰዋል። በየትምህርት ቤቱ ጀርባ ከተተከለው ስንቱ ጸደቀ ተብለን ግን ተጠይቀን አናውቅም። የጀመዓችን ሪፖርትም ከዚህ ልማድ አልወጣም፤ የተከልነውን ቆጥሮ ይዘጋል።

ለወሎ ይህ ጥያቄ የቆየ ጥያቄ ነው። ከ66ቱና ከ77ቱ ድርቅ በኋላ የወሎ ተራሮች በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር በእርከን ተሸንሽነዋል። አንድ ቀን ለሠራ ሰው 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ይሰፈርለት ነበር። ብዙ ተራሮች ከሰውና ከከብት ተከልለው ባሕር ዛፍና ጽድ ተተከለባቸው። ሥራው ቀላል አልነበረም፤ ድንጋዩን የተሸከሙት የእኛው አያቶችና እናቶች ናቸው። ነገር ግን የትኛው ተራራ ይከለል፣ ሣሩን ማን ይጨድ፣ ዛፉ ሲደርስ የማን ይሁን የሚለውን ማንም አልጠየቃቸውም። ከጊዜ በኋላ «የመንግሥት ደን» የሚል ስም ወጣለት። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ሰዉ መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። ለዓመታት የተለፋበት ደን በብዙ ቦታ በአጭር ጊዜ ተመነጠረ፤ እርከኑም በየቦታው ፈረሰ። የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩ የራስወርቅ አድማሴ ይህን ታሪክ ባጠኑበት የእንግሊዝኛ መጽሐፋቸው የሰጡት ርዕስ ወደ አማርኛ ሲመለስ የሃያ ዓመት ጉዞ ወደ የትም እንደማለት ነው።

ወሎየ ዛፍ ስለማይወድ ነው እንዳትሉ። በእኛ አካባቢ ሽማግሌዎች እንደሚናገሩት፣ ያኔ ተራራው ሲመነጠር የመስጊዱን ግቢ ዋርካና የመቃብሩን ወይራ የነካ ሰው የለም። ጠባቂ ዘብ አልነበረውም። የማን እንደሆነ ግን ሁሉም ያውቅ ነበር።

ከወሎ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ፣ መንዝ ውስጥ ያለው ጓሳ ይህንኑ ነገር ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል። ጓሳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ የደጋ ሣር ምድር ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። የአካባቢው ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። መሬቱ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለግጦሽ ይወሰዳል፤ እንደገና ይዘጋል። አንዳንዴ ሳይከፈት ከ3 እስከ 5 ዓመት ይቆያል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የቀድሞውን የርስት ሥርዓት ሲያፈርስ ቄሮም አብሮ ፈረሰ፤ ጓሳውም ተጎዳ። (አዋጁ ለጭሰኛው ምን ማለት እንደነበረ አልረሳሁም፤ በተለይ መሬት እንዳይኖረው ተደርጎ ለኖረው ሙስሊም ገበሬ። የማወራው ስለ ሣሩ ነው።) በኋላ ጓሳ ያገገመው የአካባቢው ሰዎች የራሳቸውን ምክር ቤትና መተዳደሪያ ደንብ ሲያቋቁሙ ነው። ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ይባላል፤ የሚጠብቁትም ከየቀበሌው የተመረጡ ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛው ምሳሌዬ ወላይታ ውስጥ ያለው ሁምቦ ነው። እዚያ አንድ ተራራ ተመንጥሮ ራቁቱን ቀርቶ ነበር፤ በክረምት ጎርፍና ናዳ ከታች ያለውን ማሳ ይወስዳል፣ በበጋ ምንጩ ይደርቃል። በ1999 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው ሥራ በአብዛኛው ችግኝ አልተከለም። መሬቱን ሲያዩት ባዶ ይመስላል እንጂ ከአፈሩ ሥር የቆዩ ዛፎች ጉቶና ሥር በሕይወት ነበር። ገበሬዎቹ ከየጉቶው ከሚያቆጠቁጡት ቡቃያዎች ጠንካሮቹን መርጠው ይተዋሉ፤ ሌላውን ይገርዛሉ፤ ከብት እንዳይገባ ይጠብቃሉ። በጥቂት ዓመታት 2,728 ሄክታር ተራራ አረንጓዴ ለበሰ። መሬቱን በ7 ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው በሕጋዊ የመጠቀም መብት ያዙት፤ ከደኑ የሚገኘውን 165 ሺህ ቶን ካርቦን ለመግዛት የዓለም ባንክ ፈንድ ተዋዋለ፤ በገቢውም የእህል ማከማቻና ወፍጮ ሠርተዋል። የውጭ ድርጅት እገዛ ነበረበት፤ አልክድም። ግን እገዛው የመጣው ዕውቀትና የይዞታ ወረቀት ሆኖ ነው፤ ጥበቃው የገበሬው ነው። እኛ በየዓመቱ ችግኝ ጭነን የምንሄድበት ተራራ ስንት ሕያው ጉቶ እንዳለው አንድ ቀን ጎንበስ ብለን አይተናል? ግብርና የሚማሩት ወንድሞች አንድ ቀን ቢዞሩበት ይነግሩናል።

አሁን ወደ ወሎ ልመለስ። መንዝ ቄሮ ነበረው፤ ሁምቦ ማኅበር አቋቋመ። ወሎ ውስጥ ይህን ሥራ ሊይዝ የሚችል አካል ድሮም አለ፤ ቅሬ ይባላል። የከተማ ልጆች «ያው ዕድር ነው» ትሉ ይሆናል። ነው፤ ግን ሰፋ ይላል። ቅሬ ሰው ሲሞት መቃብር ይቆፍራል፣ ውሃና እንጨት ያመጣል፣ ለቀስተኛ ያበላል። እዚያ ላይ ግን አያቆምም። በእኛ መንደር የአንዱ በሬ ገደል ገብቶ ቢሰበርና ቢታረድ ሥጋውን ተከፋፍለው ይገዙታል፤ ገንዘቡ ተሰብስቦ ለሌላ በሬ መነሻ ይሆነዋል። ኢንሹራንስ የሚባለውን ቃል ሰምተው አያውቁም፤ ሥራውን ግን ይሠሩታል። ቤቱ የተቃጠለበትን ይሠሩለታል። ወሰን የገፋውን ይዳኛሉ። የታመመች ሴት ማሳ ሲያርም፣ የአቅመ ደካማ ሰብል ሲያጭድ የሚጠራው ደቦ ብዙ ጊዜ በቅሬው በኩል ነው የሚጠራው።

ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ የሚታቀፍበት መንደር ብዙ ነው። መቃብሩ ይለያያል እንጂ ቆፋሪው አንድ ነው። ይህ ለወሎ ልጅ ምንም የሚያስገርም አይደለም፤ ለሌሎቻችሁ ግን መንገር ይኖርብኛል፤ ምክንያቱም «ለሙስሊሙ መንደር» ብለን የምናቅደው ነገር እዚያ ሲደርስ የሚያርፈው ሁለቱም በሚያጠጡበት አንድ ምንጭ ላይ ነው። ውሃን፣ ግጦሽንና እሳትን በተመለከተ ሰዎች ሁሉ ሸሪክ እንደሆኑ የሚያስተምረውን ሐዲስ ታውቁታላችሁ። በፖስተሮቻችን ላይ ስለ ተክል የሚናገረው ሐዲስ በየዓመቱ ይወጣል፤ አልሐምዱሊላህ። ይኸኛው ግን ወጥቶ አይቼ አላውቅም፤ የተራራውን ነገር ለመረዳት ይበልጥ የሚጠቅመን እሱ ነበር።

ቅሬ ጉልበቱን ከየት ያገኛል? ከቅጣቱ። የቀበሌ ጥበቃ ፍየል ሲያስገባ የያዘውን ሰው መቶ ብር ይቀጣዋል ወይም በሃምሳ ብር ይለቀዋል። ቅሬ የወሰነውን የጣሰ ግን ካልታረመ ከቅሬው ይወጣል። እሳት አይጫጭሩትም፤ ሲሞትበት የሚቀብርለት የለም። በገጠር ከዚህ የከፋ ነገር የለም። ስለዚህ ቅሬው «ይህ ተራራ እስከሚቀጥለው ሰኔ ከብት አይግባበት» ካለ፣ ያ ተራራ ከየትኛውም አጥር የበለጠ ታጥሯል ማለት ነው። ጉዳዩ ከጎረቤት መንደር ጋር የሚያጋጭ ሲሆን ደግሞ አባጋሮች አሉ፤ በብሔርም በሃይማኖትም ድንበር ተሻግረው የሚሸመግሉ። በቅሬው ያልተመከረበትን ችግኝ ግን የመንደሩ ሰው የሚያውቀው «የተማሪዎቹ ችግኝ» ብሎ ነው። ይህን ስም ራሴ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ በክፋት አልተባለም፤ የማን እንደሆነ ለመግለጽ ነው።

እዚህ ላይ ግን ገጠሩን በሩቅ እያየን እንዳናሞካሸው ያስፈልጋል። ቅሬ ላይ የሚናገረው ትልልቁ ወንድ ነው። ሴቶች የራሳቸው መሰባሰቢያ ቢኖራቸውም ተራራ ሲከለል የሚወስኑት እነሱ አይደሉም፤ ተራራው ሲከለል ግን እንጨት ፍለጋ ሁለት ሰዓት ተጨማሪ የሚሄዱት እነሱ ናቸው። ሁለት ፍየል ብቻ ያላት ባሏ የሞተባት ሴት ከሁሉ ቀድማ ትጎዳለች፤ አሥር ከብት ያለው ሰው የራሱ የሣር መሬት አለው፤ እሷ ያላት ያ ተራራ ብቻ ነበር። መሬት ለመጨረሻ ጊዜ ሲከፋፈል ያልተወለደው ወጣትም እንዲሁ ነው። ማሳ የለውም፤ በቅሬው የሚቆጠረው በአባቱ ስም ነው። እንግዲህ «ማኅበረሰቡ ወሰነ» ሲባል ማን ወሰነ ብሎ መጠየቅ ይገባል። መልሱ ደግሞ አስቸጋሪ አይደለም፤ በብዙ ቦታ ተሞክሯል። ሣሩ እየታጨደ ወደ ቤት እንዲወሰድ ማድረግና የማጨዱን ዕጣ መጀመሪያ ፍየሏን ላስወጣችው ሴት መስጠት፤ የተከለለውን ተራራ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ለንብ ማነቢያ መልቀቅ። አበባ ያለበት የተከለለ ተራራ ማር ይሰጣል፤ ማር የሚሸጥ ወጣት ደግሞ ፍየል ሲገባ ዝም ብሎ አያይም።

ስለ ወጣቱ ካነሳሁ አይቀር፣ በረቂቃችን ውስጥ ስለማይነሳ አንድ ጉዳይ ልናገር። እኛ በቆላው ቃሉ ረጅም ጊዜ የሚወስደውን ማሽላ የምንዘራው በሚያዝያ፣ በበልግ ዝናብ ነው። በልጉ ሲቀር ወይም ሲዘገይ ገበሬው ወደ ጤፍና ወደ ማሾ ይዞራል፤ ማሾ በአጭር ጊዜ ይደርሳል፣ ገበያም አለው። ይህ ማንም ያላስተማረው የገበሬው የራሱ ዘዴ ነው። ክረምቱም አብሮ ሲከዳ ግን፣ በ2007 እንደሆነው፣ ዘዴው ያልቃል። በ2008 ዓ.ም. በአገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ጠብቋል። ያን ጊዜ የወሎ ቤተሰብ የሚሸጠው በግ ሲያልቅበት የሚያደርገውን ሁላችንም እናውቃለን። ሴት ልጁን ወደ ሳዑዲ ይልካል፤ ወንዱ በጅቡቲና በየመን በኩል በእግሩ ይሄዳል።

በመንደራችን ቆርቆሮ የለበሰው ቤት፣ የታደሰው መስጊድ፣ የታናሽ ወንድም የትምህርት ወጪ፣ ብዙው ከሪያድና ከጅዳ ነው። ብዙዎቻችን እዚህ ግቢ የተቀመጥነው አንዲት እህት በሰው ቤት ልብስ እያጠበች ስለሆነ ነው። ለአየር ንብረት መቋቋሚያ የሚባለውን ገንዘብ በወሎ ገጠር ላይ የምታፈሰው እሷ ናት ብል አላጋነንኩም። ይህ መተማመኛ ግን ምን ያህል ስስ እንደሆነ በ2006 ዓ.ም. አይተናል፤ ሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ገንዘቡም አብሮ ቆመ። የተላከው ገንዘብ ግማሹ ቤት ከመሥራት ይልቅ ምንጭ ቢጎለብትበት፣ ሁለት የጫት እርሻ ከመግዛት ይልቅ የንብ ቀፎና በግ ቢገዛበት ኖሮ የተመለሱት የሚጠብቃቸው ነገር ይኖር ነበር። ለመናገር ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ። ላኪዋ ገንዘቧን አምና የምትሰጠው አካል መንደሩ ውስጥ ስላላገኘች ነው በቤተሰብ በኩል ግድግዳ ላይ የምታኖረው።

የመነሻ ገንዘብ ጉዳይ ሙስሊሙን ገበሬ በተለየ ይነካዋል። የገጠር ብድር በአብዛኛው ወለድ ያለበት ነው፤ አባቴን ጨምሮ ብዙ ሰው ሪባን ፈርቶ አይጠጋውም፤ ወይም ተቸግሮ ይወስድና ሲቆጭ ይኖራል። ዘምዘም ባንክ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ሂጅራም ሲከተል ተደስተናል፤ የእኛ መንደር ሰው ግን ቅርንጫፍ ለማግኘት ኮምቦልቻ ወይም ደሴ መግባት አለበት፤ ገብቶም ለሦስት በግ ብድር የሚጠይቅበት መንገድ አይታየውም። ከባንኩ በፊት የነበረው የርቢ ሥርዓት ግን ዛሬም አለ። በግ ያለው ለሌለው እንስት በግ ይሰጣል፤ ሌላው ያረባል፤ ግልገሉን ይካፈላሉ። ወለድ የለበትም፤ ወረቀት የለበትም፤ ቅሬው ምስክር ነው። ሶደቃችን በዚህ መንገድ ቢገባ፣ የመጀመሪያዋ ሴት ያገኘችውን ግልገል ለሁለተኛዋ እያሳለፈች፣ አንድ ጊዜ የሰጠነው አምስትና ስድስት ቤት ይደርሳል።

የእርሻን ዘካ ሑክም አስታውሱ። በዝናብ ከበቀለው ሰብል አንድ አሥረኛ ሲወጣ፣ በመስኖ ተለፍቶበት ከበቀለው የሚወጣው ግማሹ፣ አንድ ሃያኛ ነው። ጁምሁሩ እንደሚሉት ደግሞ 5 ወስቅ፣ በዛሬ መለኪያ 6 ኩንታል ተኩል ገደማ ያልደረሰ ሰብል ዘካ የለበትም። ይህን ፊቅህ ክፍል ውስጥ ተምረን አልፈነዋል። ለእኔ የሚነግረኝ ግን ሸሪዓው ገበሬው ውሃ ለማምጣት የለፋውን ልፋት እንደሚቆጥርለት ነው። እኛ ሄደን የገበሬውን ልፋት ከምንም ሳንቆጥር ማሳው ዳር ጉድጓድ ቆፍረን ስንመለስ ከዚያ መንፈስ የራቅን ይመስለኛል። ዑስማን (ረ.ዐ.) መዲና ላይ ያደረጉትንም እናስብ። ሰዉ የሚጠጣበት የሩማ ጉድጓድ ነበረ፤ ችግሩ ውሃው የሚሸጥ መሆኑ ነበር። ገዝተው ለሁሉም ክፍት አደረጉት። ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ አይተው ገንዘባቸውን እዚያው ላይ አዋሉት።

«ሕዝቡ ራሱ ከወሰነ ሁሉም ይስተካከላል ልትለን ነው?» ብሎ አንድ ወንድም ጠይቆኛል። አይደለም። የሐረማያን ሐይቅ ያደረቀው የውጭ ሰው አልነበረም። በዙሪያው ያለ እያንዳንዱ ገበሬ ለጫቱና ለአትክልቱ በየፓምፑ ሳበ፤ የሐረር ከተማም ጠጣችበት፤ ደለልም ሞላው፤ በ1990ዎቹ ሐይቁ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። በዩኒቨርሲቲ አጠገብ ነው ይህ ሁሉ የሆነው። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል፤ ፓምፑም አለ። አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ ደግሞ ገበሬዎች ማንም ሳይገፋቸው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዝርያ በአሲዳማው መሬታቸው ላይ ተክለው፣ በመጀመሪያው ዓመት መሐሉ ላይ ጤፍ እየዘሩ፣ በአራትና በአምስት ዓመት ከሰል አክስለው እስከ አዲስ አበባ ሸጠዋል። ቤት ሠርተውበታል፤ የተጎዳው መሬትም አገግሞበታል። ብዙ አጥኚ ያደነቀው ሥራ ነው። ከዚያ የቅጠል ዝገት በሽታ መጣና ዛፉን ጨረሰው። ሁሉም አንድ ነገር ላይ ቆመው ነበር። ስለዚህ የመንደሩ ሰው ያላየውን የሚያይ የተማረ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው እኛ ልንሆን እንችላለን፤ ግን የተማረ ሰው ሥራው መጠየቅና ማስጠንቀቅ ነው፤ ውሳኔው ከሚኖርበት ሰው እጅ መውጣት የለበትም።

ሹራው እንዲመለከትልኝ የምጠይቀው እንግዲህ ይህን ነው። መንገዱ ሰላም ከሆነ የመጀመሪያው ጉዞ በሁለቱ ሴሚስተሮች መሐል ባለው ዕረፍት ይሁን፤ አውቶቡስ አያስፈልገውም፤ ስድስት ሰባት ሰው በሕዝብ ትራንስፖርት ይበቃል። ምንም ይዞ አይሂድ። ቅሬው በሚሰበሰብበት ቀን ተቀምጦ ያዳምጥ። የእህቶች ክፍል የግድ ይኑርበት፤ ምንጭ ዳር ከሴቶቹ ጋር የሚወራውን ወንድሞች ሊሰሙት አይችሉም። ለቲሸርትና ለባነር የታሰበው ገንዘብ፣ ቅሬው ተራራ እከልላለሁ ካለ፣ እሱ ለሚመርጠው ጠባቂ የሁለት በጋ ደመወዝ ይሁን፤ ጠባቂው መሬት የሌለው ወጣት ቢሆን ደግ ነው። የሲቪል ምሕንድስና ተማሪዎች ምንጩ እንዴት እንደሚጎለብት ይለኩ። የሕግ ተማሪዎች የቅሬው ውሳኔ በወረዳው ዘንድ የሚጸና መተዳደሪያ ደንብ ሆኖ እንዲጻፍ ያግዙ፤ የሁምቦ ገበሬዎች የይዞታ ወረቀት ምን ያህል እንደጠቀማቸው አይተናል። በግ ይሻለናል ካሉ በግ፤ ቀፎ ካሉ ቀፎ። ችግኝ ነው የምንፈልገው ካሉም የሚፈልጉትን ዓይነት ራሳቸው ይንገሩን፤ በሐምሌ አብረን እንተክላለን።

«እንዲህ ከሆነ ለአዲስ ተማሪዎች የሚሆን መርሐ ግብር አይቀርም፤ አንድ ቅዳሜ መውጣቱ እኮ ወጣቱን ያቀራርባል» የሚል ቅሬታ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ልክ ነው፤ ያቀራርባል። ለመቀራረብ ግን ኳስ ሜዳም አለን፤ የሐይቅ ዳር ሽርሽርም አለ። የገጠሩን ሰው መሬት ለራሳችን መቀራረቢያ ማድረግ የለብንም። ሶደቃ ጃሪያ ነው የሚለውንም ሰምቻለሁ። ጃሪያ ማለት የሚቀጥል ነው፤ በኅዳር የደረቀ ችግኝ ምኑ ይቀጥላል? ኒያው በአላህ ዘንድ አይጠፋም ኢንሻአላህ፤ ለገንዘቡ ግን እኛም ተጠያቂዎች ነን፤ የሰጡን ሰዎች አማና ነው።

ስብሰባው በሚቀጥለው ጁሙዓ ከዐስር በኋላ ነው። ረቂቁ ላይ «ሐምሌ» የሚለው ቃል «የካቲት» ተብሎ እንዲታረም፣ ከሪፖርቱም «የተተከለ» ከሚለው አምድ አጠገብ «ከአንድ ዓመት በኋላ የጸደቀ» የሚል አምድ እንዲጨመር ሐሳብ አቀርባለሁ። የሚደግፈኝ ሰው እጁን ያውጣ፤ የማይደግፈኝም ምክንያቱን ይዞ ይምጣ።